ለሃምሳ ሰው ጌጡ

ደቦ ሲጠራ ኤልዳና ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። የእጇ አምባር ሁለቴ ነዘረ፤ ወዲያው ከኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ ያ የለመዱት ለስላሳ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«የህንፃ ሰባት ነዋሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ደቦ አለ። እሳት አጥፍታችሁ፣ ቤት ዘግታችሁ ውረዱ።»

ምድጃውን አጠፋች፣ ድስቱን ከደነች፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ወጡ ስትመለስ ይደርሳል፤ ከደቦ በኋላ ደግሞ ቶሎ ምግብ የሚያሰኘው ሰው የለም።

ሊፍቱ በደቦ ሰዓት ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዷ የልጇን ፈተና ታወራለች፣ ከላይ ፎቅ የመጡ ባልና ሚስት ለማን ሰርግ ምን እንደሚለብሱ ይጨቃጨቃሉ። የዛሬው ተረኛ ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲያ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሲወርዱ ይታያል።

ግቢው መሀል የቅርጫት ኳስ ምሰሶ አለ። መረቡ ከወለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ያን ቀን የታሰረበት ከጣሪያው ታንከር ውሃ ሰርቋል የተባለ ጎረምሳ ነበር። ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ቀለሙን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ያድሱታል።

ደቦው እንዴት እንደተጀመረ የሚያስታውሱ አሉ። መጀመሪያ ለሌባ ነበር። ከዚያ ለሰካራም ሆነ፣ ከዚያ ወሬ ለሚያመላልስ፣ ከዚያ ደግሞ ደቦ ለቀረ ሰው። ሁሉም በስብሰባ፣ እጅ ወጥቶ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተዓቅቦ የጸደቀ ነው።

አሠራሩን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ይጀምራል፤ እንደ ገበሬ ደቦ ዘፈን መሪ አውራጅ ይባላል። አውራጁ የጎማ ቆመጡን ከሳጥኑ አንስቶ አንድ ጊዜ ይመታል። ከዚያ ቆመጡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የተሰለፈው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይመታል። አምባሩ የምቱን ጉልበት ይለካል። ከአውራጁ ያላነሰ የመታ አረንጓዴ ይበራለታል፤ ያነሰበት ይቀላበትና ይደግማል። አውራጁ ይህን ያህል ይምታ የሚል ደንብ ግን የትም አልተጻፈም። በዳሰሳ ቢጀምርም ልኩ እሱ ነው። ይሁን እንጂ በህንፃ ሰባት እንዲህ ያደረገ አውራጅ ታይቶ አይታወቅም።

«በደቦ ገዳይ የለም» ይላል የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ሚኪያስ በየስብሰባው። ሁሉም ስለሚመታ ማንም አልመታም ማለቱ ነው። ሰዎቹም ይህን ሲሰሙ ቀለል ይላቸዋል።

ያን ቀን አውራጅነቱ የደረሰው አራተኛ ፎቅ ለሚኖር የጥርስ ሐኪም ነበር። ጎረምሳውን አፉ ላይ መታው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አፉ ላይ መቱት፤ ሰው አውራጁ የጀመረበትን ቦታ መከተል ይቀናዋል። አፍ የሚባል ነገር ሲጠፋ ወደ ጎኑ ዞሩ። የልጁ እናት ከሰልፉ መሀል ነበረች። ተራዋ ደረሰና መታችው፤ አምባሯ ቀላባት፤ ዓይኗን ጨፍና ደገመች። ኤልዳና ስትደርስ ልጁ ራሱን ስቷል። ጎድኑ ሲሰበር በቆመጡ በኩል እስከ ክርኗ ተሰማት። አረንጓዴ በራላት።

ሲያበቃ ሁሉም በግቢው የሲሚንቶ ገንዳ እጁን ታጠበ፣ ኮሚቴው ያስቀቀለውን ንፍሮ በወረቀት ኩባያ ተቀብሎ ቢያሰኘውም ባያሰኘውም በላ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሞተ። በሳምንቱ የታንከሩ ቧንቧ ተሸንቁሮ ተገኘ። ኮሚቴው ቧንቧውን አስጠገነ።

ያን ቀን ታዲያ አንድ አምባር ሳይበራ ቀርቷል። የጋሽ ናሆም ነበር።

ጋሽ ናሆም የኤልዳና የጎን ጎረቤት ናቸው። እናቷ ስትሞት ገና ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ነበረች፤ ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጸጉሯን መጎንጎን ስለማይችሉ በየሳምንቱ ጎረቤት እየለመኑ ያሠሩላት ነበር። ስታገባም ሩቅ አትሂጂብኝ ብለው ከጎናቸው ያለውን ቤት ያገኙላት እሳቸው ናቸው። እና እኚህ ሰውዬ ደቦ ተጠርቶ፣ በራቸው ተንኳኩቶ፣ አልወርድም አሉ። የእሳቸው ደቦ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ዕጣው ሲወጣ አውራጅነቱ ለኤልዳና ደረሰ።

«ቀስ ብዬ ብመታቸውስ?» አለችው ባሏን ኢዮስያስን።

ኢዮስያስ መልስ ከመስጠቱ በፊት በሩን አየ። «ካንቺ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰዉ ምን ይላል?»

«ልኩ እኔ የመታሁት ነው። ደንቡ አይከለክልም።»

«ደንቡን ተይው፣ ሰዉን ነው የምልሽ። ለእሳቸው የሚራራ መስሎሻል? እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ የምታስቢው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ኤልዳ። እባክሽ ቤታችንን አታፍርሺ።»

አርብ ከሰዓት ወደ ጋሽ ናሆም ቤት ገባች። በራቸው አልተቆለፈም። ማምለጥ የሚባል ነገር የለም፤ በየህንፃው ምሰሶ አለ። ሰውዬው በረንዳው ላይ በጄሪካን የተከሉትን ጎመን ያጠጣሉ።

«ላንቺ ወጣ አሉኝ» አሏት ሳይዞሩ።

«ጋሼ፣ ለምን አልወረዱም? አንዴ መትተው ቢመለሱ ምን ነበረበት?»

«ያ ልጅ ጠዋት ጠዋት ‹እንደምን አደሩ ጋሼ› ይለኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።» ጣሳውን አስቀመጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ልጅ ሳለሁ በአባቴ አገር የአጨዳ ደቦ ላይ አውራጅ ነበርኩ። ድምፄ ሸጋ ነበር፣ አሁን አታምኚም። አንድ ቀን ወባ ይዞኝ ዘፈኑን እያንቀራፈፍኩ አወረድኩት። ማሳው ሙሉ አብሮኝ ተንቀራፈፈ። አባቴ ሊቆጣኝ ሲመጣ አጫጆቹ ምን አሉት መሰለሽ? ‹ተወው ልጁን፣ እኛም ደክሞን ነበር።› ሁሉም ደክሞት ነበር። የሚናገር ጠፍቶ እንጂ።»

«እነዚህ እንደዚያ አይደሉም። ሲመቱ እርስዎ አላዩአቸውም።»

«ስንት ጊዜ አብሬያቸው መትቻለሁ፣ ልጄ። እንዴት አላየሁም?» እጇን ያዙ። መዳፋቸውን የጎመኑ አፈር ነክቶታል። «ቀስ በይ። ለኔ ብለሽ ብቻ አይደለም። የሚያወርድላቸው አጥተው ነው።»

ጉልበታቸውን ስማ ቃል ገባች። ደግሞም ከልቧ ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ናሆምን ከምሰሶው ሲያስሯቸው ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጺማቸውም ተላጭቷል። ኤልዳናን ሲያዩ እንደ ድሮው፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲሸኟት እንደሚያደርጉት፣ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉላት። ቆመጡን አነሳች። ልኩንም አስባ ጨርሳለች፤ ትከሻቸውን ነካ ታደርግና ለኢዮስያስ ታቀብላለች።

ይኸው ብቻ ነበር የቀራት። እሷ ግን ዞር አለች።

ከኋላዋ ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተጠምዝዟል። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። የጥርስ ሐኪሙ ከንፈሩን ነክሷል። ፌቨን፣ ከፊት ለፊታቸው በር የምትኖረው፣ ጥርሷን ገጥማ አፍጥጣባታለች። የሚያስል፣ የሚያንሾካሹክ የለም። ያ ሁሉ ዓይን ደም የሚጠብቅ መሰላት። ቀስ ካለች ነገ ምሰሶው የማን እንደሚሆን አሰበች፤ እሷን አስረው፣ ቀጥሎ ኢዮስያስን ሲያስሩት ታያት። ፈራች። እውነቱ ይኸው ነው፤ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋትን ሰው እያየች ለራሷ ፈራች።

በሁለት እጇ አንስታ ከአንገታቸው ሥር አሳረፈችው።

አጥንቱ ሲሰበር ከፊት የነበሩት ሰሙት። ጋሽ ናሆም አልጮኹም። የረሱትን ነገር እንዳስታወሷቸው ሰው «አሃ» አሉ፣ ክንዳቸው ተንጠለጠለ። ኢዮስያስ እዚያው ቦታ ደገመ። ሦስተኛው መንገጭላቸውን አገኘው። ልኩ ከባድ ስለነበር የብዙ ሰው አምባር ይቀላ ነበር፤ አቅመ ደካሞች ሁለቴም ሦስቴም እየደገሙ፣ እያላባቸው መቱ። የተተኮሰው ሸሚዝ ደረታቸው ላይ ተጣበቀ። ሰልፉ እኩሌታ ሳይደርስ ጭንቅላታቸው ዘመመና ትንፋሻቸው ቆመ። የቀሩት ግን አምባራቸው መብራት አለበት፤ ሬሳውን እስከ መጨረሻው ሰው መቱት። አስፋልቱ ላይ ባለው ነጭ የጨዋታ መስመር ደሙ ወርዶ ወደ ፍሳሹ ገባ።

ገንዳው ዘንድ ፌቨን ከጎኗ ቆመች። ውሃው ቀይ ነው። እጇን እየፈተገች፣ ቀና ሳትል፣ «ቀስ የምትይ መስሎኝ ነበር» አለች።

ኤልዳና ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ምን አልሽ?»

«ያሳደጉሽ ናቸውና እሷ እንኳ ቀስ ትላለች ብዬ ነው የወረድኩት። ስትዞሪ ጊዜ፣ ‹እባክሽ፣ እባክሽ› እልሽ ነበር በልቤ። አላየሽኝም?»

«እኔም እሱን ስጠብቅ ነበር» አለ የጥርስ ሐኪሙ ከወዲያ ማዶ።

«እኔም» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ስሙን አልተናገረም። ከዚያ ሁሉም ታጠቡ። ኤልዳና የገንዳውን ጠርዝ ያዘች። በልቧ «ሁሉም ደክሞት ነበር» የሚለውን የጋሽ ናሆምን ድምፅ ትሰማለች።

አቶ ሚኪያስ ንፍሮ ይዞላት መጣ። «እጅሽ ቆራጥ ነው። ከሥጋ ዘመድ በላይ የሆኑልሽን ሰው እንዲህ ካደረግሽ ከእንግዲህ ዕጣ ማውጣት አያስፈልገንም።» እዚያው እጅ አስወጣ፤ ኤልዳና የህንፃ ሰባት ቋሚ አውራጅ ሆነች። ፌቨን ኩባያዋን ወደ መሬት ዘቀዘቀችው፤ ባቄላና ስንዴው ተበተነ። ሲበተን ያዩ ብዙ ናቸው።

የፌቨን ደቦ ለተከታዩ ቅዳሜ ተቆረጠ። ጥፋቷ የደቦን ንፍሮ መጣል ነው።

በዚያ ሳምንት ኤልዳና ከማንም ጋር አልተነጋገረችም፣ ከኢዮስያስም ጭምር። የጋሽ ናሆምን ጎመን ታጠጣለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ቅዳሜ ፌቨንን ሲያስሯት ሴትየዋ ከወዲሁ ዓይኗን ጨፍናለች። ኤልዳና ቆመጡን አነሳች። ይህን ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረችም። የፌቨንን ትከሻ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ነካ አደረገችና ቆመጡን ለባሏ ዘረጋችለት።

ኢዮስያስ አልተቀበላትም። ሰልፉን አየ፣ ሰልፉም እሱን አየው። አቶ ሚኪያስ ሊናገር አፉን ከፈተ። ኤልዳና ቆመጡን እንደዘረጋች ቆየች። በመጨረሻ ኢዮስያስ ቆመጡን ወሰደና ነካ አደረገ። አረንጓዴ በራ። የጥርስ ሐኪሙ ነካ አደረገ። አረንጓዴ በራ። ከዚያማ ሰልፉ ፈጠነ፤ ሰው እንዲህ ሲጣደፍ ታይቶ አይታወቅም። የሚያለቅሱ ነበሩ፤ አንዱ ቆመጡን ሲያቀብል ሳቀ። አቶ ሚኪያስም ሁሉም ሲነካ ነካ አደረገ።

ፌቨን ስትፈታ ኤልዳና ላይ ተጠመጠመች። ገንዳው ዘንድ ውሃው እስከ መጨረሻው ጥርት እንዳለ ነበር። ልማድ ሆኖባቸው እንጂ የሚታጠብ እጅ አልነበረም። ንፍሮው ጣፈጣቸው፤ ደግመው የጠየቁ አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጎረምሳው እናት ከገንዳው አልተነሳችም። የራሷን መዳፍ ታያለች።

«እንዲህም ማድረግ ይቻል ነበር?» አለች።

ንፍሮ የሚበሉት ቀና አሉ።

«ልጄን ሁለቴ ነው የመታሁት። ቀላብኝና ደገምኩ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በቃ ነካ ማድረግ ይቻል ነበር?»

ኩባያዎቹ ባሉበት ቀሩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሰላም ሳይባባሉ፣ በደረጃው ወደየቤታቸው ወጡ።

ያ ጥያቄ በህንፃው ውስጥ እንደ ጋዝ ሽታ ዋለ፣ አደረ። ሰው ከሰው በሊፍት ውስጥ ሲገናኝ መሬት መሬት ያያል። እስከ ትናንት ማንም ያልሠራው ነገር አሁን የሁሉም ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ ይህንን ይዞ መተኛት የቻለ አልነበረም። ሸክም ደግሞ ሲከብድ አውርዶ የሚያስቀምጡበት ይፈለጋል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሚኪያስ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ተናገረ።

«ቀስ ብሎ መምታት እንደሚቻል ትናንት ሁላችንም አይተናል። እንግዲያው ጋሽ ናሆም ላይ ጠንክሮ የጀመረ ሰው በገዛ ፈቃዱ ነው የጀመረው። እኛ ልክ ተከተልን። ልኩን የሰጠው ማን ነው?»

«የጎረምሳውንስ ልክ ማን ሰጠ?» አለች ኤልዳና።

የጥርስ ሐኪሙ የኤልዳና ደቦ ይቆረጥ ብሎ እጁን ለድምፅ ያወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ፣ ክርኑን አቅንቶ። ቀጥሎ ከጎኑ ያሉት አወጡ። እጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ደረሰ እህል ቆመ። ኤልዳና ባሏን ፈለገችው። የኢዮስያስ እጅ ከፍ አላለም፣ ከጆሮው እኩል ነው፤ ግን ወጥቷል።

«አንተም?» አለችው።

«ሁሉም ሲያወጣ…» አለ።

ያኔ የገዛ ቀኝ እጇ ከወገቧ ተነስቶ እኩሌታ መንገድ ላይ ሲደርስ ያዘችው። ሰው ሁሉ ሲያወጣ አብሮ መውጣት ለምዷል። በግራ እጇ ይዛ አወረደችው።

«ያለ ተቃውሞ፣ ያለ ድምፀ ተዓቅቦ» አለ አቶ ሚኪያስ። «አውራጅ ማን ይሁን?»

«ፌቨን!» አሉ ከኋላ። ከምሰሶው የተረፈችው ትጀምር፣ ይህ ይሻላል፣ ይህ ፍትሕ ነው ተባለ። ፌቨንን ወደ ፊት ገፏት።

ለነገ አልተቀጠረም። ኤልዳናን እዚያው፣ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ከምሰሶው አሰሯት። ብረቱ ከፀሐዩ የተነሳ ጀርባዋን ይፈጃል። ደሙ በውሃ ቢታጠብም ጠረኑ ከአስፋልቱ አልወጣም፤ የጋሽ ናሆም ይሁን የጎረምሳው መለየት አይቻልም። ሳጥኑ ተከፈተ። ፌቨን ቆመጡን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊቷ ቆመች፣ ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ እርምጃ ነው።

«ፌቪ» አለቻት ኤልዳና በሹክሹክታ። «እኔን እይኝ። እኔን ብቻ እይ። ሁሉም ደክሟቸዋል።»

ፌቨን አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ እሺ ያለች መሰለ። ኤልዳና ጭንቅላቷን ነቅነቅ አደረገችላት።

ከዚያ ፌቨን ዞር ብላ ከኋላዋ የተሰለፉትን አየች።

ኤልዳና ያንን አስተያየት አወቀችው። ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋንም ሰበሰበች።